በእጅ መዳፍ የደረሰ ቃል፦ የማሪ ኧርታን ሕይወት (1885-1921)



ሰው ከሰው ጋር የሚገናኝባቸው ሁለት ሰፋፊ በሮች ዓይንና ጆሮ ናቸው። አንዱ ቢዘጋ ሌላው ያግዛል፤ ዓይነ ስውሩ በመስማት ይማራል፤ መስማት የተሳነውም እያየ በእጅ ምልክት ይነጋገራል። ነገር ግን ሁለቱም በሮች ገና ከማሕፀን ጀምሮ የተዘጉበት ሰው በምን ይማራል? እናቱ ማን እንደ ሆነች፣ የሚበላው ምን እንደሚባል፣ እግዚአብሔር እንዳለ ማን ይነግረዋል? በምንስ ይነግረዋል? ይህ ጥያቄ ለሐኪሞችና ለትምህርት ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። ትምህርተ ክርስቶስን ለሌላው የማድረስ አደራ የተቀበለውን ሁሉ የሚመለከት ነው።

ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች አንዱ የማሪ ኧርታን ሕይወት ነው። ማሪ ሳታይና ሳትሰማ የተወለደች ፈረንሳዊት ስትሆን፣ ታሪኳ ገና በሕይወት ሳለች ከአገሯ አልፎ ተሰምቶ ነበር። በ2014 ደግሞ በስሟ ፊልም ተሠርቶ ለአዲሱ ትውልድ ተዋወቀች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልዷና ልጅነቷ

ማሪ ኧርታን ኤፕሪል 13 ቀን 1885 በምዕራብ ፈረንሳይ፣ በናንት ከተማ አጠገብ በምትገኘው በቬርቱ ተወለደች። አካባቢው የወይን ተክል የሚበዛበት ነው፤ አባቷም የወይን ጠጅ የሚቀመጥበትን የእንጨት በርሜል እየሠራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር የእጅ ጥበብ ሰው ነበር።

ልጅቱ በቤተሰቧ መካከል እየኖረች ከቤተሰቧ የራቀች ነበረች። የእሳት ሙቀት፣ የምግብ ሽታ፣ የሚያቅፋት ሰው ክንድ ይሰማታል፤ ነገር ግን የአንዱንም ስም አታውቅም፤ ስም የሚባል ነገር መኖሩንም አታውቅም። የምትፈልገውን የምትገልጽበት መንገድ ስለሌላት ስትፈልግ ትጮኻለች፤ ባልተረዷት ጊዜም በቁጣ መሬት ላይ ትንከባለላለች። ወላጆቿ ቢወዷትም ፍቅራቸውን ወደ ልቧ የሚያደርሱበት ቃል አልነበራቸውም።

አባቷ ትምህርት ቤት ፈለገላት። መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምረው ቤት ዓይነ ስውር ናት ብሎ፣ ዓይነ ስውራንን የሚያስተምረውም ቤት አትሰማም ብሎ መለሳት። የቀረላት ስፍራ የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ብቻ ይመስል ነበር። ከሚያስተምሯት ቤቶች ሁሉ የተመለሰች ልጅ በዚያ ዘመን ወደዚህ ዓይነት ቤት ከገባች ዕድሜዋን በዚያው ትፈጽም ነበር። በሽተኛ ስላልሆነች አትድንም፤ የሚያስተምራት ስለሌለም አትማርም። የማሪ ዕጣ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነበር።

የላርኔ ገዳም

በፗቲዬ ከተማ አጠገብ ላርኔ በሚባል ስፍራ አንድ ገዳም ነበር። ከ1847 ጀምሮ የጥበብ ልጆች ማኅበር ደናግል በዚያ መስማት የተሳናቸውን ልጃገረዶች ያስተምሩ ነበር፤ በኋላም ዓይነ ስውራን ልጃገረዶችን ጨምረው ተቀበሉ። ይህን ማኅበር በ1703 የመሠረቱት ቅዱስ ሉዊ ማሪ ግሪኞን ደ ሞንፎርና ብፅዕት ማሪ ሉዊዝ ትሪሼ ናቸው።

ላርኔ በአንድ ነገር ከሌሎቹ ቤቶች ይለይ ነበር። ሁለቱንም ወገን በአንድ ጣራ ሥር ስላኖረ የምልክት ቋንቋንም፣ የብሬይልን ጽሕፈትም የሚያውቁ ደናግል ነበሩት። ከማሪ አስቀድሞም ማየትና መስማት የተሳናቸውን ሴቶች ተቀብሎ አስተምሯል። ከእነርሱም አንዷ በ1875 የገባችው ማርት ኦብሬክት ነበረች። ይሁን እንጂ ማርት ዓይኗንና ጆሮዋን ያጣችው በሕፃንነቷ ስለ ነበረ ጥቂት ጊዜ አይታለች፤ ሰምታለችም። እንደ ማሪ ከመጀመሪያው አንዳች ያላየና ያልሰማ ሰው ግን ሌላ ነገር ነበር።

ማሪ ማርች 1 ቀን 1895 ላርኔ ደረሰች። ዐሥር ዓመት ሊሞላት የቀራት ስድስት ሳምንት ያህል ነበር። ወደ ገዳሙ ያመጧት ሰዎች ትተዋት መሄዳቸውን ባወቀች ጊዜ በጩኸትና በመንፈራገጥ ቤቱን አናወጠችው። ለሁለት ወር ያህል ይህ ቁጣ አልበረደም። ለሽርሽር ሲወስዷት መንገድ ላይ ስለምትወድቅና አልነሣም ስለምትል ተሸክመው የሚመልሷት ጊዜ ነበር። የሚያያት ሁሉ እብደት ነው ሊል ይችል ነበር። የገዳሙ ደናግል ግን እንዲህ አላሰቡም። ሕፃኒቱ ያለማንም ማስረጃ ወደማታውቀው ስፍራ መጥታለች፤ ለምን እንደ መጣች፣ መቼ እንደምትመለስም የሚነግራት የለም። ስለዚህ ቁጣዋን የተዘጋባት ሰው በር እንደ መደብደቡ ቈጠሩት።

ልጅቱን እንዲያስተምሩ የታዘዙት እኅት ማርግሪት ነበሩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ለዐሥራ አምስት ዓመት ያህል የማሪ አስተማሪ ሆነው ኖሩ።

ሰንጢውና እንቁላሉ

እኅት ማርግሪት አስቀድመው ያደረጉት ነገር ልጅቱ ምን እንደምትወድ ማወቅ ነበር። ማሪ ከቤቷ ይዛው የመጣች አንዲት ትንሽ ሰንጢ ነበራት፤ ከእጇም አትለያትም ነበር። እኅት ማርግሪት ሰንጢዋን ወሰዱባት፤ ማሪ ተቈጣች። ለጥቂት ጊዜ መለሱላትና የማሪን እጆች ይዘው አንዱን በሌላው ላይ እንደሚቈርጥ ሰው አመላለሱት። ይህም መስማት የተሳናቸው ሰዎች ቢላዋን የሚያመለክቱበት ምልክት ነው። ከዚያም እንደገና ወሰዱባት። ቁጣዋ በረታ። ከብዙ ትግል በኋላ ግን ማሪ በራሷ ፈቃድ አንድ እጇን በሌላው ላይ አድርጋ ምልክቱን ሠራች። ሰንጢዋም ወዲያው ተመለሰችላት።

ይህች ቅጽበት ትንሽ ትመስላለች፤ ነገር ግን የማሪ ሕይወት ለሁለት የተከፈለው በዚህች ቅጽበት ነው። ከዚያ በፊት የእጇ እንቅስቃሴ ቁጣ ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ቃል ሆነ። በእጇ የሠራችው ነገር ከእጇ ውጭ ያለ ሌላ ነገርን እንደሚያመለክት፣ ሌላ ሰውም ያንን እንደሚረዳ አወቀች። ቀጥሎ ማሪ እንቁላል እንደምትወድ ስለ ተረዱ፣ በማዕድ ጊዜ የእንቁላልን ምልክት በዚሁ መንገድ አስተማሯት። ከዚያም ዳቦው፣ ሹካው፣ ማንኪያው እያለ በገበታዋ ላይ ያለው ሁሉ በየተራው ስም አገኘ።

የምትወደውን ነገር እየነሡ ማስተማር ዛሬ ላለው አስተማሪ ጭካኔ ሊመስለው ይችላል። በእርግጥም በአሁኑ ጊዜ በዚህ ሙያ የተሠማሩ ሰዎች ዕቃውን ከልጁ ጋር አብረው እየዳሰሱ፣ በደስታው እየተካፈሉ ምልክቱን ማስተማርን ይመርጣሉ። ነገር ግን የእኅት ማርግሪት ጥበብ ዋና ነጥብ በመንሣቱ ላይ አይደለም። ልጅቱ ከምትወደው ነገር መጀመራቸው ነው።

የእጅ ቋንቋ እንዴት እንደሚሠራ

እዚህ ላይ ነገሩን ለማብራራት ያህል መሠረቱን ማስታወስ ይገባል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ (1712-1789) የተባሉ ካህን በፓሪስ መስማት የተሳናቸውን ልጆች በምልክት ማስተማር ጀመሩ። እምነት ከመስማት ነው የሚለውን የሐዋርያውን ትምህርት አንዳንዶች በጠባቡ ተረድተው መስማት የተሳነው ሰው ሊማር አይችልም ይሉ ነበር። ደ ሌፔ ግን በጆሮ የማይገባው በዓይን ሊገባ እንደሚችል በሥራ አሳዩ። ከእርሳቸው በኋላ ሉዊ ብሬይል (1809-1852) ስድስት ነጥቦችን በተለያየ መልክ በማቀናጀት ዓይነ ስውራን በጣታቸው የሚያነቡትን ጽሕፈት አወጣ።

በላርኔ የተደረገው እነዚህን ሁለት ሥራዎች በአንዲት ልጅ እጅ ላይ ማገናኘት ነበር። በመጀመሪያ ምልክቱ በአየር ላይ ሳይሆን በማሪ እጆች ላይ ይሠራል፤ እርሷም የሌላውን እጅ በእጇ እየተከተለች ትረዳለች። ቀጥሎ የጣት ፊደል ትማራለች፤ ይህም እያንዳንዱ ፊደል በጣቶች ቅርጽ እየተሠራ ከተነጋጋሪው መዳፍ ላይ የሚቀመጥበት ነው። በመጨረሻም እያንዳንዱ የጣት ፊደል ከብሬይል ነጥቦች ጋር ይገናኝላታል። በዚህ ዓይነት ከዕቃው ወደ ምልክቱ፣ ከምልክቱ ወደ ፊደሉ፣ ከፊደሉ ወደ መጽሐፉ ደረጃ በደረጃ ወጣች።

በአሜሪካ የነበረው መንገድ ከዚህ ይለያል። ሳሙኤል ሃው በ1837 ላውራ ብሪጅማንን ማስተማር የጀመሩት በዕቃዎች ላይ በተለጠፉ፣ በሚዳሰሱ ፊደላት ነበር። አን ሰሊቫንም በ1887 ሔለን ኬለርን በቀጥታ በጣት ፊደል አስተማሯት። ነገር ግን ላውራ በሁለት ዓመቷ፣ ሔለንም በዐሥራ ዘጠኝ ወሯ እስከ ታመሙ ድረስ ያዩና ይሰሙ ነበር። ማሪ ግን ይህ ሁሉ ስላልነበራት፣ ከፊደል አስቀድሞ ነገሩን ራሱን የሚመስል ምልክት ያስፈልጋት ነበር። መንገዶቹ ቢለያዩም የደረሱበት ስፍራ አንድ ነው። ይኸውም ቋንቋ በድምፅና በብርሃን ላይ ብቻ የቆመ አለመሆኑን፣ በመዳሰስም ሙሉ ቋንቋ ሊኖር እንደሚችል ማረጋገጥ ነው።

የማይዳሰሰውን በመዳሰስ

ዳቦና ሰንጢ ይዳሰሳሉ። ድህነት፣ እርጅና፣ ሞት፣ ነፍስ፣ እግዚአብሔር ግን እንዴት ይዳሰሳሉ? በፗቲዬ የሥነ ጽሑፍ መምህር የነበሩት ሉዊ አርኑ ስለ ማሪ በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ይህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ልብን የሚነካ ነው።

እኅት ማርግሪት የታላቅነትንና የታናሽነትን ትርጉም ለማስተማር ረጅምና አጭር ተማሪዎችን አቁመው ማሪን አስዳሰሷት። ድህነትን ለማስረዳት የተቀደደ ልብስ የለበሰ የኔ ቢጤ አስነኳት። እርጅናን ለማስተማር ደግሞ የአንዲት አሮጊት መነኩሲትን የተጨማደደ ፊትና የጐበጠ ጀርባ ከአንዲት ወጣት ለስላሳ ፊት ጋር አስተያየቷት። ማሪ እርሷም አንድ ቀን እንደዚያ እንደምትሆን በተረዳች ጊዜ ነገሩ አልተዋጠላትም።

ከሁሉ የከበደው የሞት ትምህርት ነበር። በገዳሙ አንዲት እኅት ባረፉ ጊዜ እኅት ማርግሪት ማሪን ወደ አስከሬኑ ወስደው የቀዘቀዘውንና የማይንቀሳቀሰውን አካል አስዳሰሷት። እርሷም ሌላውም ሁሉ እንዲህ እንደሚሆኑ በነገሯት ጊዜ ደነገጠች፤ እንቢም አለች። ልጅቱን በዚህ ድንጋጤ ውስጥ መተው ደግሞ የማይቻል ሆነ። ስለዚህ አስተማሪዋ ስለ ነፍስ መናገር ጀመሩ። ማሪ አባቷን እንደምትወድ ታውቃለች። የምትወደው በእጇ ወይስ በእግሯ እንደ ሆነ ጠየቋት። በእነዚህ እንዳልሆነ በተረዳች ጊዜ፣ ያ በውስጧ ሆኖ የሚወደው ነገር ከሥጋ ጋር እንደማይቀዘቅዝ አስተማሯት።

ወደ እግዚአብሔር የመራት ፀሐይ ነበር። ማሪ ፀሐይን ባታያትም ሙቀቷን እጅግ ትወድ ነበር፤ ልትይዛትም እጆቿን ወደ ላይ ትዘረጋ፣ ዛፍ ላይም ትወጣ ነበር። ዳቦን ዳቦ ጋጋሪው፣ ሌላውንም ዕቃ ሌላው እንደሚሠራው ስለ ተማረች፣ ፀሐይን የሠራት ማን እንደ ሆነ ተጠየቀች። ምድጃው ስለሚሞቅ ይመስላል፣ ዳቦ ጋጋሪው እንደ ሆነ አሰበች። እኅት ማርግሪትም ፀሐይን የሠራት ከዳቦ ጋጋሪውና ከሰው ሁሉ እጅግ የሚበልጥ መሆኑን ከዚያ ተነሥተው አስረዷት። ማሪ ከዚህ ጀምራ ትምህርተ ክርስቶስን ተምራ ለቅዱስ ቁርባን በቃች።

ተማሪዋ አስተማሪ ስትሆን

ማሪ ዓመታት ባለፉ ቍጥር የብሬይል መጻሕፍትን የምታነብ፣ ደብዳቤ የምትጽፍ፣ ታሪክና በሚዳሰስ ካርታ ጂኦግራፊ የምታጠና፣ የምትሰፋና ሹራብ የምትሠራ፣ ከጓደኞቿም ጋር ዶሚኖ የምትጫወት ሆነች። በመንገድ ላይ አልነሣም ትል የነበረችው ልጅ በደስተኛነቷና በትዕግሥቷ ታወቀች።

በ1907 አን ማሪ ፗዬ የተባለች ሌላ ማየትና መስማት የተሳናት ልጅ ወደ ላርኔ መጣች። አሁን ግን አንድ ነገር ተለውጦ ነበር። አዲሲቱን ልጅ የሚቀበላት፣ በእንደዚህ ያለ ጨለማ ውስጥ ኖሮ የወጣ ሰው በቤቱ ነበር። ማሪ ከእኅት ማርግሪት ጋር ሆና ልጅቱን በማስተማር ረዳች። የማሪ ታናሽ እኅት ማርትም በ1902 እንደ እርሷ ሳታይና ሳትሰማ ተወልዳ ነበርና፣ በ1910 ወደዚያው ገዳም መጣች። ለሁለተኛ ጊዜ አባትየው ልጁን ወዴት እንደሚወስዳት አልጨነቀውም።

በዚያው በ1910፣ በኤፕሪል ወር እኅት ማርግሪት ዐረፉ። በ2014 የተሠራው ፊልም የሁለቱን ጊዜ አሳጥሮ፣ አስተማሪዋ ማሪ ገና ልጅ ሳለች እንደ ሞቱ አድርጎ ያሳያል። በእውነቱ ግን ማሪ ሃያ አምስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ነበር። ለማሪ ያች እጅ የዓለም ሁሉ በር ነበረች፤ ያን ጊዜ በሩ ዳግመኛ ሊዘጋባት ይችል ነበር። ነገር ግን እኅት ማርግሪት ልጅቱን ለራሳቸው ብቻ አላስተማሯትም። በላርኔ የነበሩት መስማት የተሳናቸው ተማሪዎችና ደናግሉ ሁሉ ከማሪ ጋር በእጅ ይነጋገሩ ነበር። ስለዚህ አስተማሪዋን ብታጣም ቃሏን አላጣችም። በልጅነቷ እንቢ ያለችውን ሞት አሁን በተስፋ ተቀብላ፣ ከእርሷ በኋላ የመጡትን መርዳቷን ቀጠለች።

ማሪ ኧርታን ጁላይ 22 ቀን 1921 በላርኔ ዐረፈች። ዕድሜዋ ሠላሳ ስድስት ዓመት ነበር።

ለእኛ የሚሆን ትምህርት

ከማሪ ዘመን ወዲህ በመዳሰስ የመነጋገር ጥበብ ብዙ ተስፋፍቷል። አንዳንዱ መዳፍን እንደ ሰሌዳ ተጠቅሞ በጣት ፊደል ይጽፋል፤ ሌላው በመዳፍ ላይ ያሉ የተወሰኑ ነጥቦችን በመንካት ፊደላትን ይለያል። ሌሎች በተናጋሪው አገጭና ጕሮሮ ላይ እጃቸውን አኑረው ከንዝረቱ ንግግሩን ይረዳሉ። ብሬይልም ዛሬ ከኮምፒውተር ጋር በተገናኙ መሣሪያዎች ይነበባል። ለእኛም ፊደል ቢሆን የብሬይል ጽሕፈትም የጣት ፊደልም ተዘጋጅቶለታል። መሣሪያው ምንም ዓይነት ቢሆን ግን የሌላውን እጅ ይዞ ለመቀመጥ ጊዜ የሚሰጥ ሰው ከሌለ አይሠራም።

ስለዚህ በየቁምስናው የምታገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ እንዲህ ያለ ምእመን ወይም ልጅ በአካባቢያችሁ ቢኖር ጥቂት ነገሮችን ልብ በሉ። ስትቀርቡት ድንገት አትያዙት፤ ትከሻውን ወይም ክንዱን በቀስታ ነክታችሁ እጃችሁን ከእጁ ሥር አድርጉለት፤ እርሱ ሲፈልግ ይይዛችኋል። ማን እንደ ሆናችሁ የሚያውቅበት አንድ የማይለወጥ ምልክት ይኑራችሁ። ስትመሩት አትጐትቱት፤ ክርናችሁን ይያዝ። ትታችሁት ስትሄዱም መሄዳችሁን ሳትነግሩት አትለዩት። ከሁሉም አስቀድሞ ምን እንደሚወድ እወቁ፤ ትምህርታችሁንም ከዚያ ጀምሩ። ቤተሰቡን፣ ጐረቤቱን፣ የቁምስናውንም ወጣቶች አስተምሩ፤ አንድ ሰው ብቻ የሚናገረው ቋንቋ ከዚያ ሰው ጋር ይቀበራልና።

ጌታችን መስማት የተሳነውንና መናገር የሚያዳግተውን ሰው በፈወሰ ጊዜ ያደረገውን ወንጌላዊው ማርቆስ ጽፎልናል። ሰውየውን ከሕዝቡ ለይቶ ወሰደው፤ ጣቶቹን በጆሮዎቹ አገባ፤ ምላሱንም ዳሰሰ። ቃሉን ከመናገሩ በፊት፣ ለማይሰማው ሰው አስቀድሞ በሚገባው ቋንቋ በመዳሰስ ተናገረው። እኅት ማርግሪት የተከተሉት ይህንን መንገድ ነው። ልጅቱ ከጨለማዋ እስክትወጣ በሩቅ ቆመው አልጠበቋትም፤ እርሷ ወዳለችበት ሄደው እጇን ያዙ።

የአባትየው ምርጫ በመጠለያውና በትምህርት ቤቱ መካከል ነበር። ዛሬም በየመንደሩ በቤት ጓዳ ተቀምጠው፣ አይሰሙም፣ አያዩም፣ አይገባቸውምም የተባሉ ልጆች ይኖሩ ይሆናል። በምትጐበኟቸው ቤቶች ሁሉ ስለ እነርሱ ጠይቁ፤ አይገባውም ከማለታችሁም በፊት እጁን ያዙ። ያ እጅ የሚጠብቀው ቃል በእናንተ እጅ ይደርሰው ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳችሁ። አሜን።